ነጭ ሕዋስ የሚያስቀረው የደም ማጣሪያ መሃል ላይ እየቆመብን ነው፤ ያለፈውስ በትክክል መጣራቱን በምን እናረጋግጥ?

ሳሮን_ላብ

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ኮምፖነንት ክፍል (የተለገሰ ደም ወደ ቀይ ሕዋስ፣ ወደ ፕላዝማና ደም አርጊ ወደሆነው ፕላትሌት የሚለይበት) ለምትሠሩ ነው።

የምንጠቀመው ማጣሪያው ከከረጢቶቹ ጋር ተያይዞ የመጣ፣ 450 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ሲስተም ነው። ሆል ብለዱን (ገና ያልተለየውን ሙሉ ደም) ከፍ አድርገን ሰቅለን በማጣሪያው እናወርደዋለን፤ ሴንትሪፉጅ (ደሙን አሽከርክሮ የሚለየው ማሽን) የምናስገባው ከዚያ በኋላ ነው። የክፍሉ ሙቀት ከ20 እስከ 24 ዲግሪ ነው። አብዛኛው በ15 እና በ30 ደቂቃ መካከል ያልቃል። አንዳንዱ ግን በደንብ ጀምሮ 150 ሚሊ ሊትር አካባቢ ሲደርስ መንጠባጠብ ይጀምርና ቀጥ ይላል። ጭራሽ የማይጀምርም አለ። ሎቱ (የምርት ቁጥሩ) አንድ ነው፤ ጊዜው አላለፈበትም፤ መስቀያውም ያው ነው።

መጠየቅ የፈለግኩት፦ የሚቆመው ለምንድን ነው? ሲቆም ከረጢቱን በእጅ መጭመቅ ችግር አለው? የተጣራውን ሲቢሲ ማሽን (የደም ሕዋስ መቁጠሪያ) ላይ ራን ስናደርገው ነጭ ሕዋሱ 0.0 ወይም 0.1 ይላል፤ ይህ ማስረጃ ይሆናል? ማጣሪያ ያለው ከረጢት እንደልብ ስለማይገኝስ ቅድሚያ ለየትኛው ሕመምተኛ ይሰጥ?

አባ_ሴንትሪፉጅ

ሳሮን፣ መጀመሪያ ስሙ አያሳስትሽ። ማጣሪያ ሲባል ወንፊት ይመስላል፤ ይህ ግን ወንፊት አይደለም። ቀይ ሕዋስ ስፋቱ ከ7 እስከ 8 ማይክሮን ነው፤ ትንሹ ሊምፎሳይት (አንዱ የነጭ ሕዋስ ዓይነት) ከ6 እስከ 10 ነው። በቀዳዳ ስፋት ብቻ ብትለዪ ወይ ሁለቱም ያልፋሉ ወይ ሁለቱም ይቀራሉ። ውስጡ ያለው ውፍረቱ ጥቂት ማይክሮን የሆነ የፖሊኤስተር ክር ነው፤ ተደራርቦ የተጠቀጠቀ። ቀይ ሕዋስ ተጣጥፎ ይሾልካል። ግራኑሎሳይትና ሞኖሳይት የሚባሉት ነጭ ሕዋሶች ክሩ ላይ ይጣበቃሉ፤ ሊምፎሳይት ደግሞ በአብዛኛው ጠባቡ መንገድ ላይ ይቀረቀራል። በግ በቀጋ ቁጥቋጦ መሃል ሲያልፍ ሱፉ እሾህ ላይ እንደሚቀር አስቢው።

ሥራው መጣበቅ ከሆነ ደሙ ክሩን እየነካ የሚቆይበት ጊዜ፣ ሙቀቱና ግፊቱ ውጤቱን ይወስናሉ ማለት ነው። ስለዚህ መጭመቁን ተዪው። ስትጨምቂ የተጣበቀውን ነጭ ሕዋስ ገፍተሽ ወይም ሰባብረሽ ታሳልፊያለሽ፤ ቀዩንም ታፈርሺዋለሽ። ደሙ ወደ ታችኛው ከረጢት ወርዶ ይሆናል፤ ተጣርቷል ግን አይባልም።

አሁን ወደ መቆሙ። መቼ እንደቆመ ካየሽ መነሻውን ግማሽ አገኘሽው።

ጭራሽ ያልጀመረ ከሆነ ማጣሪያውን ከመውቀስሽ በፊት ከከረጢቱ አፍ ላይ ያለውን የሚሰበረውን የፕላስቲክ ዘንግ እዪ። ብዙ ጊዜ በአንድ በኩል ብቻ ተሰብሮ በሌላው ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ ከውጭ ሲታይ የተሰበረ ይመስላል። በሁለት ጣት ይዘሽ ወዲህና ወዲያ አጥፈሽ ሙሉ በሙሉ መለየቱን አረጋግጪ። ግማሽ የተሰበረ ዘንግ ፍሰቱን ማዘግየት ብቻ ሳይሆን ቀይ ሕዋሱን በጠባብ ቀዳዳ አስፈትልኮ ሄሞሊሲስ (የቀይ ሕዋስ መፍረስ) ያመጣል። ዘንጉ ደህና ከሆነ ክላምፑን እዪ፤ እሱም ክፍት ከሆነ አየር ነው። ማጣሪያው ከታች ወደ ላይ እየሞላ አየሩን ማስወጣት አለበት። አግድም ተጋድሞ ወይም ቱቦው ታጥፎ ከተከፈተ አየሩ ክሩ ውስጥ ታፍኖ የማጣሪያው ግማሽ ገጽ ሥራ ፈቶ ይቀራል። በቤቱ ግልጽ ፕላስቲክ በኩል ስታዪው ነጣ ያለ፣ ያልረጠበ ቦታ ይታይሻል።

ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቀርፋፋ ሆኖ ግን የሚጨርስ ከሆነ ወይ ደሙ ቀዝቃዛ ነው፣ ወይ የለጋሹ ሄማቶክሪት (በደሙ ውስጥ የቀይ ሕዋሱ ድርሻ) ከፍ ያለ ነው፣ ወይ መስቀያው ዝቅ ብሏል። በእኛ ከፍታ ላይ የሚኖር ለጋሽ ሄሞግሎቢኑ ከፍ ማለቱ የተለመደ ነው፤ ይህ ብቻውን ማጣሪያ አያስቆምም፣ ያዘገያል እንጂ። ከፍታውን አምራቹ ጽፎታል፤ ብዙዎቹ ከላይኛው ከረጢት እስከ ታችኛው ከ1 ሜትር እስከ 1 ሜትር ተኩል ይላሉ። መስቀያውን ከፍ በማድረግ ፍጥነት ለማግኘት አትሞክሪ፤ መጭመቅን በሌላ መንገድ መሥራት ነው።

አንቺ እንዳልሽው በደንብ ጀምሮ እየቀነሰ ከቆመ ጥፋቱ በአብዛኛው ከማጣሪያው ሳይሆን ከለጋሹ አልጋ ነው የሚመጣው። ሲቀዳ በደንብ ያልተነቀነቀ ደም ዓይን የማያየው ጥቃቅን ቋጠሮ ይሠራል። 450 ሚሊ ሊትር ደም ከ63 ሚሊ ሊትር ሲትሬት (ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ፈሳሽ) ጋር መቀላቀል ያለበት እየተቀዳ ሳለ ነው። አውቶማቲክ ሚክሰር ከሌለ በየ30 እና 45 ሴኮንዱ ከረጢቱ በእጅ መገላበጥ አለበት፤ ሲያልቅም ጥቂት ጊዜ ይደገማል። ቀስ ብሎ የሚፈስ ደም የበለጠ ያስፈራኛል፤ 12 ደቂቃ ያለፈው ለፕላትሌት፣ 15 ያለፈው ለፕላዝማ አይመከርም። ሰዓቱ ከረጢቱ ላይ ካልተጻፈ ኮምፖነንት ክፍል በምን ያውቃል?

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ሌላ ነገር አለ፤ የመርፌው ቱቦ። ቱቦው ውስጥ ያለው ደም ሲትሬት አልነካውም። መርፌው እንደወጣ ወዲያው በስትሪፐር (በቱቦ መጭመቂያው) ወደ ከረጢቱ ገፍቶ፣ ከረጢቱን ነቅንቆ፣ ቱቦውን በተቀላቀለ ደም መልሶ መሙላት ያስፈልጋል። ለጋሹን ሸኝቼ፣ ፋሻውን አስሬ ከተባለ በኋላ የሚገፋ ከሆነ ቱቦው ውስጥ የረጋውን ክር የሚመስል ደም ወደ ከረጢቱ መላክ ነው። ያ ክር ሄዶ ማጣሪያው አፍ ላይ ይቀመጣል። የቆመውን ማጣሪያ በመግቢያው በኩል ወደ መብራት አዙሪው፤ ጠቆር ያለ ጭረት ካየሽ ይሄው ነው።

መጠኑንም አትርሺ። ከ405 እስከ 495 ሚሊ ሊትር ነው የሚፈቀደው። አንድ ሚሊ ሊትር ደም 1.06 ግራም ያህል ስለሚመዝን፣ የባዶው ከረጢትና የሲትሬቱ ክብደት ከተቀነሰ በኋላ ሚዛኑ ከ429 እስከ 525 ግራም ማሳየት አለበት። ከዚያ የበለጠ ሲትሬቱ አይበቃውም፤ የማጣሪያውም አቅም ለዚያ አልተሠራም።

ይህ ሁሉ ደህና ሆኖ የአንድ ለጋሽ ደም በተቀዳ ቁጥር የሚቆም ከሆነ ሲክል ትሬይት (ከአንድ ወላጅ ብቻ የተወረሰ፣ ሄሞግሎቢን ኤስ የሚባል የተለወጠ ሄሞግሎቢን) ጠርጥሪ። ለጋሹ ጤነኛ ነው፣ ሄሞግሎቢኑም መደበኛ ነው። ነገር ግን ከረጢቱ ውስጥ ኦክስጅኑ ዝቅ ያለ ነው፤ ሲትሬቱም አሲድነት አለው። በዚህ ሁኔታ ሄሞግሎቢን ኤስ ይያያዝና ቀይ ሕዋሱ መተጣጠፍ ያቅተዋል። የማይታጠፍ ቀይ ሕዋስ ደግሞ ማጣሪያውን እንደ ጠጠር ይደፍነዋል። ባይቆም እንኳ ነጭ ሕዋሱ ከገደብ በላይ ያልፋል፤ ይህኛው የባሰ ነው፤ ማንም ሳያውቀው ይሄዳልና። በደጋው አገራችን ብዙ አይደለም፤ ግን ለጋሹ ከየት እንደመጣ ስለማናውቅ ሄሞግሎቢን ኤስ መኖሩን የሚያሳየውን የሶሊዩቢሊቲ ምርመራ ማድረግ ይቀላል። ፖዘቲቭ ከሆነ ፋይሉ ላይ «ማጣሪያ ባለው ከረጢት አይቀዳ» ብሎ መጻፍ ነው።

ናጌት_50

ጋሼ የመቆሙን ነገር ጨርሰውታል። እኔ ወደ ሲቢሲው ልምጣ። ሳሮን፣ በሲቢሲ አይሆንም። ለምን እንደማይሆን ሒሳቡን ይመልከቱት።

ደረጃው ሁለት ነው። አውሮፓ በአንድ ከረጢት ከ1 ሚሊዮን በታች ነጭ ሕዋስ ይላል፤ አሜሪካ ከ5 ሚሊዮን በታች። የተጣራው ከረጢት 300 ሚሊ ሊትር ነው እንበል። 5 ሚሊዮን ማለት በአንድ ማይክሮ ሊትር 16.7 ሕዋስ ነው፤ 1 ሚሊዮን ደግሞ 3.3። ማሽኑ 0.1 ሲል በማይክሮ ሊትር 100 ማለቱ ነው፤ በ300 ሚሊ ሊትር ሲባዛ 30 ሚሊዮን። የአሜሪካን ገደብ ስድስት እጥፍ፣ የአውሮፓን ሠላሳ እጥፍ አልፏል! 0.0 ካለም ወደ ታች አጠጋግቶት ሊሆን ስለሚችል በማይክሮ ሊትር 49 ድረስ ተደብቆ ይኖራል፤ እሱም 15 ሚሊዮን ይጠጋል። ማሽኑ የተሠራው የሰው ደም ለመቁጠር ነው፤ ባዶ ሊሆን የተቃረበ ነገር ለመቁጠር አይደለም። ጠዋት ባክግራውንድ ስታደርጉ የሚታየው ቁጥር ራሱ ከዚህ አይርቅም።

ተራው ኒውባወር ቻምበርም (በማይክሮስኮፕ ሕዋስ የሚቆጠርበት መስታወት) አይረዳም፤ የሚይዘው አንድ ማይክሮ ሊትር እንኳ አይሞላም። ወይ ፍሎው ሳይቶሜትሪ (ሕዋስ በሌዘር የሚቆጥር ማሽን) ነው፣ ወይ ናጌት ቻምበር። ፍሎው ከሌለ ናጌት ርካሽ ነው፤ ትዕግሥት ብቻ ይጠይቃል። ናጌት 50 ማይክሮ ሊትር ይይዛል፤ 40 ረጃጅም ሰርጥ አለው፣ እያንዳንዱ 1.25 ማይክሮ ሊትር።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከረጢቱን በደንብ አገላብጡ፤ የናሙናውን ቱቦ ሦስት አራት ጊዜ ገፍታችሁ መልሳችሁ ሙሉት፤ ያለዚያ የምትቆጥሩት ቱቦው ውስጥ የቆየውን ነው። 100 ማይክሮ ሊትር ደም ወስዳችሁ ከ900 ማይክሮ ሊትር የቱርክ ፈሳሽ ጋር ቀላቅሉ፤ ማለትም አሴቲክ አሲድና ጄንሺያን ቫዮሌት ያለበት። አሲዱ ቀዩን ያፈርሳል፣ ቀለሙ የነጩን ኒውክለስ ያቀልማል። 10 ደቂቃ ጠብቁ። ቻምበሩን ሙሉና እርጥብ ጋዝ ካለበት ፔትሪ ዲሽ ሥር ከ10 እስከ 15 ደቂቃ አስቀምጡት፤ ሕዋሱ ወለሉ ላይ ይረፍ። ሳይከደን ከቀረ ጠርዙ ይደርቅና ቆጠራው ይበላሻል። ከዚያ በ200 ማጉያ ሁሉንም 40 ሰርጥ መቁጠር ነው። አሥር ቆጥሮ በአራት ማባዛት የለም፤ ሕዋሱ ጥቂት ስለሆነ ያሳስታል።

ሒሳቡ፦ የቆጠራችሁት ሲካፈል ለ50፣ ሲባዛ በ10፣ ሲባዛ በከረጢቱ ማይክሮ ሊትር። 10 ሕዋስ ብትቆጥሩ በማይክሮ ሊትር 2 ነው፤ በ300 ሚሊ ሊትር 600 ሺህ፤ አለፈ። የ1 ሚሊዮኑ ገደብ 17 ሕዋስ አካባቢ ነው፤ የ5 ሚሊዮኑ 83። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ማይክሮስኮፑ አጠገብ ለጥፏቸው። 15 እና 19 ቆጥራችሁ አንዱ አለፈ አንዱ ወደቀ ብላችሁ አትጣሉ፤ 17 የተቆጠረበት ከረጢት ቢደገም 12 ወይም 22 ማለቱ የዕድል ጉዳይ ነው። ገደቡ ላይ ያለውን ድገሙት።

የሚያሳስተው ሁለት ነገር ነው። የቱርክ ፈሳሹ ሲቆይ የቀለም ቅንጣት ያወጣል፤ ያ ቅንጣት ሊምፎሳይት መስሎ ይቆጠራል። ከመጠቀማችሁ በፊት በ0.22 ማይክሮን የሲሪንጅ ማጣሪያ አሳልፉት። ሁለተኛው መቆየት ነው፤ ናሙናው ከ24 ሰዓት በኋላ ከተቆጠረ ነጭ ሕዋሱ እየፈረሰ ስለሚሄድ ቁጥሩ በሐሰት ያምራል።

ሁሉንም ከረጢት መቁጠር አያስፈልግም። የአውሮፓው መመሪያ ከምርቱ 1 በመቶ፣ በወር ከ10 ያላነሰ ይላል፤ ከተቆጠሩት 90 በመቶው ከገደቡ በታች መሆን አለበት። በዚያው ሄሞግሎቢኑንም ለኩ፤ ማጣሪያው እንደ ዓይነቱ ከ25 እስከ 50 ሚሊ ሊትር ደም ይዞ ይቀራል፣ የተጣራው ከረጢት ግን ከ40 ግራም ሄሞግሎቢን ማነስ የለበትም።

ሳሮን_ላብ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የዘንጉንና የመርፌ ቱቦውን ነገር ነገ ጠዋት አያለሁ። ናጌት፣ 17 እና 83 ተለጥፏል።

ሁለት ነገር ቀረኝ። ደሙ እንደተቀዳ ትኩሱን ማጣራት ይሻላል ወይስ ማቆየት? ከእኛ የተጣራ ሲያጡ ደግሞ ዋርድ ላይ በሕመምተኛው አልጋ አጠገብ የሚገጠመውን ማጣሪያ ይጠቀማሉ፤ ውጤቱ አንድ ነው ይላሉ። እውነት ነው?

አባ_ሴንትሪፉጅ

ትኩሱን አይደለም። ከሰው የወጣ ደም 37 ዲግሪ ነው፤ በዚያ ሙቀት ነጭ ሕዋሱ ለስላሳ ስለሆነ ይሾልካል። ቢያንስ ወደ ክፍሉ ሙቀት ይውረድ። ጥቂት ሰዓት ማቆየት ሌላም ጥቅም አለው፦ ከቆዳ የገባ ወይም ለጋሹ ደም ውስጥ የነበረ ባክቴሪያ ካለ ነጭ ሕዋሱ ይውጠዋል፣ ማጣሪያው ደግሞ ነጩን ከነዋጠው ያስቀረዋል። የርሲኒያ በሚባለው ባክቴሪያ ላይ ይህ በደንብ ታይቷል። ብዙ አቆየዋለሁ ብለሽ ግን ነጩ እስኪፈርስ እንዳይቆይ። በክፍል ሙቀት እስከ 24 ሰዓት፣ በ4 ዲግሪ እስከ 72 ሰዓት የሚፈቅዱ ብዙ ሲስተሞች አሉ፤ የእናንተን ከከረጢቱ ጋር ከመጣው ወረቀት ላይ እዪ። ቀዝቃዛ ደም ቀስ ብሎ ቢወርድም ብዙ ጊዜ የተሻለ ይጣራል፤ ስለዘገየ ብቻ ተበላሸ አትበዪ።

አንድ ወጥመድ ልንገርሽ። ተራው የሆል ብለድ ማጣሪያ ፕላትሌቱንም ይዞ ያስቀራል። ከዚያው ከረጢት ፕላትሌት ልሥራ ካልሽ ወይ ፕላትሌት የሚያሳልፈው ዓይነት መሆን አለበት፣ ወይ መጀመሪያ ለይተሽ ቀዩንና ፕላትሌቱን በየራሳቸው ማጣሪያ ማሳለፍ ነው። የከረጢቱ ሽፋን ላይ ስለሚጻፍ ግዢ ክፍሉ ሲያዝ ይህን አይቶ ይዘዝ።

ዋርድ_ነርስ

እህቴ ሳሮን፣ የአልጋ አጠገቡን እኔ ልመልስ። አንድ አይደለም።

መጀመሪያ ሦስቱን ማጣሪያ እንለይ፤ ዋርድ ላይ ይምታታል። ተራው የደም መስጫ ቱቦ ውስጥ ያለው ከ170 እስከ 200 ማይክሮን ነው፤ ቋጠሮ ያስቀራል እንጂ አንድም ነጭ ሕዋስ አያስቀርም። «ማጣሪያ ያለው ቱቦ ስለሆነ ተጣርቷል» የሚል ሰው ሰምታችሁ ከሆነ ይህን ነው ያየው። ሁለተኛው የነጭ ሕዋስ ማጣሪያው ነው። ሦስተኛው ለመድኃኒትና በደም ሥር ለሚሰጥ ምግብ የሚገጠመው 0.2 ማይክሮን ነው፤ በእሱ ደም አይሰጥም፤ ወዲያው ይደፈናል።

አልጋ አጠገብ የሚደረገው ማጣሪያ ዋናው ድክመቱ ዘግይቶ መምጣቱ ነው። ደሙ ሦስት ሳምንት ፍሪጅ ከተቀመጠ ነጭ ሕዋሱ ፈርሷል፤ ስብርባሪው ማጣሪያውን ያልፋል። በተለይ በ22 ዲግሪ የሚቀመጠው ፕላትሌት ላይ ነጩ በቆየ ቁጥር ኢንተርሉኪንና መሰል ነገሮችን ይለቃል፤ ትኩሳትና ብርድ ብርድ የሚያመጣው እሱ ነው። ፈሳሹ ውስጥ የሟሟን ነገር ማጣሪያው አይዝም። አልጋ ላይ ደግሞ ደሙ ሁለት ሰዓት፣ ሦስት ሰዓት እየተንጠባጠበ ሲሄድ ይሞቃል፤ ፍሰቱም አንዴ ይከፈታል አንዴ ይዘጋል። ላብ ውስጥ የተለካው ውጤት እዚያ አይደገምም፤ ያንን ከረጢት የሚቆጥረውም የለም።

የግድ ከሆነ፦ የቀይ ሕዋሱን ለቀይ፣ የፕላትሌቱን ለፕላትሌት፤ በቀዩ ማጣሪያ ፕላትሌት ብትሰጪ ፕላትሌቱ ማጣሪያው ውስጥ ይቀራል፣ ሕመምተኛው የሚያገኘው ፕላዝማ ነው። ለስንት ከረጢት እንደሚያገለግል ሽፋኑ ላይ አለ፤ አንድ የሚለውን ለሁለት አትጠቀሙ። ዴክስትሮስ ወይም ሪንገር በዚያ መስመር አይግባ። የቀረውን ልጠቀም ብሎ ማጣሪያውን በሳላይን ማጠብም የተያዘውን ነጭ ሕዋስ ያስለቅቃል፤ ወረቀቱ ካልፈቀደ ይቅር። ከፍሪጅ ከወጣ በ4 ሰዓት ውስጥ ማለቅ እንዳለበት አይለወጥም፤ ማጣሪያው ከዘገየ ሰዓቱ አይራዘምም።

አንድ ብዙ ሰው የማያስተውለው አደጋ አለ። ሕመምተኛው የደም ግፊት መድኃኒቶቹን ኢናላፕሪል ወይም ካፕቶፕሪል የሚወስድ ከሆነ አልጋ አጠገብ በሚገጠም ማጣሪያ ደም በተጀመረ በደቂቃዎች ውስጥ ግፊቱ ሊወርድ ይችላል። ኔጋቲቭ ቻርጅ ያለው የማጣሪያ ገጽ ብራዲካይኒን (የደም ሥር የሚያሰፋ ንጥረ ነገር) እንዲፈጠር ያደርጋል፤ እነዚህ መድኃኒቶች ደግሞ ብራዲካይኒንን የሚሰብረውን ኢንዛይም ነው የሚያግዱት። ደሙን ስታቆሙት ግፊቱ ቶሎ ይመለሳል። ያንኑ ከረጢት መልሳችሁ አትጀምሩ። ደም ባንክ ውስጥ በተጣራው ይህ አይታይም፤ ብራዲካይኒኑ ከረጢቱ ውስጥ ሳለ ተሰባብሮ ያልቃል።

ኢንተርን_ነኝ

ትንሽ ከርዕሱ ልውጣና፤ የተጣራ ደም ከሆነ ጨረር አያስፈልግም አይደል? ኤችአይቪና ሄፓታይተስስ ይቀንሳል?

አባ_ሴንትሪፉጅ

ያስፈልጋል! ይህን ያሳሳተ ሰው ሕመምተኛ ይገድላል። የለጋሹ ሊምፎሳይት ገብቶ የተቀባዩን አካል የሚያጠቃበት ችግር፣ ግራፍት ቨርሰስ ሆስት የሚሉት፣ ጥቂት ሊምፎሳይት ይበቃዋል። ማጣሪያ ጥቂት ያስቀራል፤ ዜሮ አያደርግም። ለእሱ 25 ግሬይ ጨረር ነው መፍትሔው። የአጥንት መቅኒ የተቀየረለት፣ በማኅፀን ውስጥ ደም የሚሰጠው ፅንስ፣ ከቅርብ ዘመዱ ደም የሚወስድ ሰው፤ ለእነዚህ ማጣራት ጨረርን አይተካም። ወንድም ለወንድም ይስጥ የሚባለው ከፍቅር ነው፣ በዚህ ጉዳይ ግን ኤችኤልኤው (ሰውነት የራሱን ከባዕድ የሚለይበት የሕዋስ ምልክት) መመሳሰሉ ራሱ ነው አደጋው።

ነጭ ሕዋስ ውስጥ ተደብቆ የሚኖረው ሲኤምቪ የተባለው ቫይረስ በማጣራት በደንብ ይቀንሳል። ኤችአይቪና ሄፓታይተስ ግን ፕላዝማው ውስጥ ይዋኛሉ፤ ምርመራውን የሚተካ ማጣሪያ የለም።

ፕላዝማ_ቤት

እዚህ ላይ ትንሽ ልጨምር፤ «ቫይረስ የሚያጣራ ማጣሪያ አለ» ሲባል ሰምቶ የሚያምታታ ስላለ። አለ፤ ግን ለደም ከረጢት አይደለም። ከብዙ ሺህ ለጋሽ የተሰበሰበ ፕላዝማ ወደ ኢሚውኖግሎቡሊንና ወደ መሰል መድኃኒት በሚለወጥበት ፋብሪካ ውስጥ ነው የሚሠራው፤ ቀዳዳው ከ15 እስከ 35 ናኖሜትር ነው። ይህኛው በእውነት ወንፊት ነው። ኤችአይቪ 100 ናኖሜትር ያህላል፣ ሄፓታይተስ ቢ 42፤ ሁለቱም ይቀራሉ። ፓርቮ ቢ19 ከ20 እስከ 25 ስለሆነ 35ቱን አልፎ ይሄዳል፤ ጠባቡ ላይ ነው የሚያዘው። አይጂጂ ፕሮቲን በጠባቡም ያልፋል። ፋክተር ኤይት (ደም ለማርጋት የሚያስፈልግ ፕሮቲን) ቮን ዊልብራንድ ከሚባለው ፕሮቲን ጋር የተያያዘ እንደሆነ ግን ራሱ ትልቅ ስለሆነ ጠባቡ ይደፈንበታል። ስለዚህ ፋብሪካው አንድ ዘዴ ብቻ አይጠቀምም፦ ሶልቨንት ዲተርጀንት የስብ ሽፋን ያለውን ቫይረስ ይገድላል፣ ሽፋን የሌለውን ለማስቀረት ማጣሪያው ይረዳል፤ አልቡሚን ደግሞ በ60 ዲግሪ 10 ሰዓት ይሞቃል። ቀይ ሕዋስ በናኖሜትር ቀዳዳ የማለፍ ተስፋ የለውም።

ናጌት_50

የሳሮን አራተኛ ጥያቄ ሳይመለስ ቀረ። ቅድሚያው እንደ እኔ እንዲህ ነው፦ በተደጋጋሚ ፕላትሌት የሚወስዱ የሉኬሚያና የአፕላስቲክ አኔሚያ ሕመምተኞች፤ ኩላሊት ወይም መቅኒ የሚጠብቁ፤ ዕድሜ ልካቸውን ቀይ ሕዋስ የሚወስዱ እንደ ታላሴሚያ ያሉ፤ ሲኤምቪ የሚያሠጋቸው ከጊዜያቸው በፊት የተወለዱ ሕፃናት፤ ሁለት ጊዜ ደም ሲወስድ ትኩሳት የመጣበት ሰው። አንዴ ደማ ብላ ሁለት ከረጢት የምትወስድ ወላድ ብታጣ የምትጎዳው ጥቂት ነው፤ ማጣሪያ እስኪገኝ ደም ማዘግየቱ ነው የሚገድላት።

የመጀመሪያዎቹን ያስቀደምኩት ያለምክንያት አይደለም። በ1997 እ.ኤ.አ. የታተመው ትራፕ የተባለው የአሜሪካ ጥናት የሉኬሚያ ሕመምተኞችን አይቶ፣ ያልተጣራ ፕላትሌት ከወሰዱት 45 በመቶው ፀረ ኤችኤልኤ አንቲቦዲ ሲያወጡ የተጣራ ወይም በአልትራቫዮሌት የታከመ የወሰዱት ከ17 እስከ 21 በመቶ ብቻ ነበሩ። አንቲቦዲው አንዴ ከወጣ በኋላ የሚሰጠው ፕላትሌት አይነሳም፤ ያኔ ማጣራት ቢጀመር ውሃ ከፈሰሰ ነው። ስለዚህ ለእነዚህ ሰዎች የመጀመሪያዋ ከረጢት ራሷ የተጣራች ትሁን፤ አምስተኛዋ ላይ መጀመር ማጣሪያ ማባከን ነው። እንግሊዝ በ1999 እ.ኤ.አ. ሁሉንም ደም ማጣራት የጀመረችው በዋናነት ቫሪያንት ሲጄዲን (ከእብድ ላም በሽታ ጋር የተያያዘውን የአንጎል በሽታ) ፈርታ ነው፤ የእኛ ምክንያት የተለየ ስለሆነ የእነሱን ዝርዝር መቅዳት አያስፈልግም።

ሳሮን_ላብ

ግልጽ ነው። የመጨረሻ፦ ግማሽ ላይ የቆመውን ከረጢት ምን እናድርገው? ሁለቱን ግማሾች መልሰን አንድ አድርገን ያልተጣራ ብለን ብንጽፍበትስ? ሌላ ማጣሪያ በስፓይክ (በሹል መግጠሚያ) ብንወጋስ?

አባ_ሴንትሪፉጅ

ቋጠሮ ከታየ ይወገዳል፤ ንግግር የለውም። የረጋ ደም ያለበት ከረጢት ውስጥ ትሮምቢን (ደም የሚያረጋው ኢንዛይም) ሠርቷል፤ የተጣራው ግማሽም ንጹሕ ነው አይባልም። ቋጠሮ ባይኖርም መልሶ መቀላቀሉን አልመክርም። መጠኑ ጎድሏል፣ ከፊሉ ማጣሪያው ውስጥ ቀርቷል፣ ፍሰቱን ለማስጀመር ሲባል ምን ያህል እንደተጨመቀም አይታወቅም።

በስፓይክ ከወጋሽው ሲስተሙ ተከፈተ፤ የ35 ወይም የ42 ቀኑ ዕድሜ ወደ 24 ሰዓት ይወርዳል። ስቴራይል ኮኔክተር (ሲስተሙን ሳይከፍት ቱቦ የሚያያይዝ መሣሪያ) ካላችሁ ዕድሜው ሳይነካ ሌላ ማጣሪያ መግጠም ይቻላል፤ ግን ያቆመው ሲክል ከሆነ ሁለተኛውም ይቆማል፤ ሁለት ማጣሪያ አቃጠልሽ።

ስታስወግጂው የለጋሹን ቁጥር፣ የተቀዳበትን ደቂቃ፣ የቀዳውን ሠራተኛ ኮድና የማጣሪያውን ሎት በአንድ መስመር ጻፊ። ከሃያ ሠላሳ መስመር በኋላ መዝገቡን ገልብጪው። አንድ ኮድ ከተደጋገመ የነቀነቀው እጅ ነው፤ አንድ ለጋሽ ከተደጋገመ ሄሞግሎቢን ኤስ ነው፤ ሎቱ ከተደጋገመ ብቻ ለአቅራቢው ደብዳቤ ጻፊ።